በቀይ አፈር ውስጥ የብረት ሽሚያ

በወልቂጤ ዙሪያ የቤት መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው አፈር ቀይ ነው። ቅላቱን የሰጠው ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የዛገ ብረት ነው። ብረቱ በብዛት ቢኖርም ዝገት በውሃ በቀላሉ ስለማይሟሟ አብዛኛው ለተክል አይደርስም። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር የሚሟሟው ብረት ወደ 1,000 እጥፍ ይቀንሳል። ብረት ያጣ ችግኝ ለጋ ቅጠሉ ይገረጣል፤ አረንጓዴ ሆነው የሚቀሩት የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ ናቸው።

ይህን የታሰረ ብረት በማስፈታት የሚታወቁት በሥር ዙሪያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በተለይም ሱዶሞናስ የሚባሉት። ሥር ስኳርና አሲድ ወደ አፈሩ ያፈሳል። ባክቴሪያዎቹ ይህን ምግብ ተከትለው በጅራታቸው እየቀዘፉ ይመጡና በሥሩ ሕዋሳት መጋጠሚያና አዲስ ቅርንጫፍ ሥር በሚወጣበት ስንጥቅ ላይ ይጣበቃሉ፤ ከዚያም በሚያጣብቅ ሽፋን ተከልለው ይራባሉ። ብረት ሲያጥራቸው ሲዴሮፎር የተባለ ንጥረ ነገር ይረጫሉ። ሲዴሮፎር ከእሳት ውስጥ ብረት እንደሚያወጣ ጉጠት ነው፤ ብረቱን ከዝገቱ ነጥቆ ለባለቤቱ ይመልሳል።

ሥራው በቤተ ሙከራ በዓይን ይታያል። ተመራማሪዎች ብረት ከያዘ ሰማያዊ ቀለም ጋር በተዘጋጀ ምግብ ላይ ባክቴሪያውን ያሳድጋሉ። ባክቴሪያው ብረቱን ከቀለሙ ሲነጥቅ በዙሪያው ብርቱካናማ ክብ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ክሎፐር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህ የብረት ነጠቃ ለተክል ያለውን ጥቅም አሳየ። በሙከራቸው የድንች ተክልን ያፋፋው ባክቴሪያው ብቻ አልነበረም፤ ተጣርቶ የወጣው ሲዴሮፎር ለብቻው ሲሰጥም ዕድገቱ ጨመረ። ሲዴሮፎሩ አስቀድሞ በብረት ሲሞላ ግን ጥቅሙ ጠፋ። ማብራሪያቸውም ባክቴሪያው በሥሩ አካባቢ ያለውን ብረት ቀድሞ በመያዝ ጎጂ ተሕዋስያንን ያስርባል የሚል ነው።

በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ ድሪባ ሙለታና ፋሲል አሰፋ ከስዊድናዊ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከቡና ሥር የተለዩ ባክቴሪያዎች ቡናን የሚያደርቁ ፈንገሶችን በቤተ ሙከራ ሲገቱ አሳይተዋል።

ጉዳዩ ለቡታጅራና ለማረቆ በርበሬ አምራች ቅርብ ነው። በርበሬ መጀመሪያ በመደብ ላይ ይፈላል፤ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ይዛወራል። በመደቡ ላይ ሳለ የአፈር ፈንገስ ሲያጠቃው ግንዱ ከአፈሩ ገጽ ላይ ይቀጥንና ችግኙ በቁሙ ይወድቃል። ሥሩን ቀድመው የያዙ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ለፈንገሱ ቦታም ብረትም ሊያሳጡት ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ግን ሁኔታ ይፈልጋል። ውሃ የተኛበት መደብ አየር ያጣል፤ አየር ሲጠፋ ብረቱ ራሱ ይሟሟል። ብረት የጠገበ ባክቴሪያም ሲዴሮፎር መሥራቱን ያቆማል፣ ፈንገሱንም በረሃብ የሚከለክለው አይኖርም። አንዳንድ በሽታ አምጪዎችም የራሳቸው ሲዴሮፎር ስላላቸው ብረት ለቃሚ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ከሌላ አገር የመጣ ባክቴሪያም ለአዲሱ አፈር ባዳ ሆኖ በነባሮቹ ሊሸነፍ ይችላል።

ስለዚህ ገበሬው ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ፦ መደቡን ከፍ አድርጎ ውሃውን ማንጣፈፍ፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ መጨመር፣ በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ አለማፍላት። ከተመራማሪዎች የሚጠበቀው ደግሞ ከዚሁ ከማረቆና ከወልቂጤ አፈር ብርቱዎቹን ባክቴሪያዎች ለይቶ በገበሬው መደብ ላይ መፈተን ነው። አፈሩን የለመደ ባክቴሪያ በሥሩ ላይ የመሰንበት ዕድሉ የተሻለ ነው፤ ችግኙን የሚጠብቀውም ከሥሩ ሳይለቅ የሰነበተው ብቻ ነው።