ከዋሻው ከወጡ በኋላስ? የታይላንድ ታዳጊዎች እንዴት አገገሙ



አደጋ ላይ ስለ ወደቀ ልጅ ስንነጋገር አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ማዳኑ ሰዓት ነው። ልጁ ከጎርፍ ወጣ፣ ከእሳት ተረፈ፣ ከጎዳና ተነሣ ሲባል አል-ሐምዱ ሊላህ ብለን ወደ የጉዳያችን እንመለሳለን። ከዚያ ሰዓት በኋላ ስለሚመጡት ቀናትና ወራት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ እትም በ2010 ዓ.ም. በሰሜን ታይላንድ በጎርፍ በተዘጋ ዋሻ ውስጥ ስለ ቀሩት 12 ታዳጊዎችና ስለ ረዳት አሰልጣኛቸው የምናቀርበውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማዳኑን ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ተከታትሎታል፤ እኛ ይበልጥ ልናካፍላችሁ የወደድነው ከዚያ በኋላ የተደረገውን ነው። ታሪኩ በዚህ ገጽ የሚነሣበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ረዳት አሰልጣኙ ራሱ የቲም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁን 23 ቀን 2018) ቅዳሜ ዕለት፣ በቺያንግ ራይ ክፍለ ሀገር፣ በማይናማር ድንበር አቅራቢያ በምትገኘው የሜ ሳይ ወረዳ፣ «ከርከሮዎቹ» በሚል ስም የሚጠራ የታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን ልምምዱን ጨረሰ። ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 16 ዓመት የሆነ 12 ልጆች ከ25 ዓመቱ ረዳት አሰልጣኝ ከኤካፖል ቻንታዎንግ ጋር በብስክሌት ተነሥተው ታም ሉአንግ ወደሚባለው ዋሻ ሄዱ። ብዙዎቹ ወደ ዋሻ እንደሚሄዱ ለቤተሰብ አልተናገሩም ነበር። ሐሳባቸው ጥቂት ቆይተው ለመመለስ ስለ ነበረ ስንቅ አልያዙም።

ዋሻው 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የኖራ ድንጋይ ዋሻ ነው። እንዲህ ባለ ተራራ ላይ የሚጥል ዝናብ በስንጥቆች እየሰረገ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ስለዚህም በውስጥ ያለ ሰው ሰማዩን ሳያይ ውሃው ከፊትም ከኋላም ይዘጋበታል። በልጆቹም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። መመለሻው በውሃ ሲሞላ ወደ ውስጥ እያፈገፈጉ ከመግቢያው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ካለ ከፍ ያለ ቦታ ወጡ። ማታ ወላጆች ፍለጋ ቢወጡ ያገኙት በዋሻው አፍ የቀሩትን ብስክሌቶች ነበር።

ዘጠኝ ቀናት አለፉ። በእነዚያ ቀናት ልጆቹን ያቆያቸው ከድንጋዩ የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃና የአንድ ወጣት አመራር ነው። ኤካፖል ገና በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ በቡድሂስት ገዳም ያደገ፣ በኋላም አያቱን ለመንከባከብ ከገዳም የወጣ ወጣት ነው። ከጎርፉ ውሃ እንዳይጠጡ፣ ጉልበታቸውንም በከንቱ እንዳይጨርሱ መከራቸው፤ በገዳም የተማረውን ዝም ብሎ ሐሳብን የመሰብሰብ ልምድ አስተማራቸው፤ በየተራ በድንጋይ ግድግዳውን እየቆፈሩ መውጫ እንዲፈልጉም አደረገ። ቁፋሮው የትም አላደረሳቸውም፤ ለልጆቹ ግን የቀን ሥራ ሰጥቷቸዋል።

ሰኔ 25 ቀን ማታ ሪቻርድ ስታንተንና ጆን ቮላንተን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የዋሻ ጠላቂዎች ከውሃው ብቅ ሲሉ 13ቱንም በሕይወት አገኟቸው። በማግሥቱ አንድ የጦር ሠራዊት ሐኪምና የባሕር ኃይሉ ልዩ ጠላቂዎች ወደ ልጆቹ ገብተው እስከ መጨረሻው ቀን አብረዋቸው ቆዩ። ምግቡም በጥንቃቄ ተጀመረ፤ በቀላሉ የሚፈጭ፣ ኃይል ሰጪ ነገር በመጠን። ለቀናት የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ቢሰጠው በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ሚዛናቸው ተናግቶ ልቡን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላልና። አዝኖ ማጉረስ እንኳ እውቀት ይጠይቃል።

በመካከሉ ደብዳቤዎች ተመላለሱ። ልጆቹ ለወላጆቻቸው ደኅና መሆናቸውን ጻፉ፤ አንዱ ስለ ተጠበሰ ዶሮ አነሣ፤ ከመካከላቸው መምህራን ብዙ የቤት ሥራ እንዳይሰጡ የተማጸነም ነበር። አሰልጣኙ በበኩሉ ወላጆቹን ይቅርታ ጠይቆ ልጆቹን በሚችለው ሁሉ እንደሚጠብቅ ቃል ገባ። ወላጆቹ የላኩለት መልስ እንዳልተቆጡትና ራሱን እንዳይወቅስ የሚነግር ነበር። ልጁ ከመሬት በታች ላለበት ወላጅ ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም። ማገገም የጀመረው በዚያ ወረቀት ይመስለናል፤ ልጆቹ ሲወጡ የሚጠብቃቸው ፍርድ እንዳልሆነ ያወቁት ከዚያ ነው።

ስለ ማውጣቱ ሥራ በአጭሩ እንናገር። የዝናቡ ወራት እስኪያልፍ መጠበቅ፣ ልጆቹን ጠልቆ መዋኘት ማስተማር፣ ተራራውን ከላይ መብሳት ሁሉም ታስበው ነበር። ነገር ግን በልጆቹ ዘንድ የነበረው የአየር ኦክስጅን ከተለመደው 21 በመቶ ወደ 15 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ሌላ ከባድ ዝናብም እየመጣ ነበር። ሰኔ 29 ቀን ሳማን ኩናን የተባለ፣ ከባሕር ኃይል ተሰናብቶ የነበረና በፈቃዱ የመጣ ጠላቂ፣ የአየር ሲሊንደሮችን በመንገዱ ላይ አድርሶ ሲመለስ ሕይወቱ አለፈ። የሠለጠነ ሰው ካልተረፈበት ውሃ ያልሠለጠነ ልጅ ሊደናገጥ፣ ደንግጦም ራሱንና የያዘውን ጠላቂ ሊያጠፋ እንደሚችል ግልጽ ሆነ። ስለዚህ ልጆቹን አስተኝቶ ማውጣት ተመረጠ። አውስትራሊያዊው የማደንዘዣ ሐኪም ሪቻርድ ሃሪስ ለእያንዳንዱ ልጅ ጭንቀት የሚያረግብ ክኒን፣ ቀጥሎም ኬታሚን የተባለውን ማደንዘዣና ምራቅን የሚያደርቅ መድኃኒት ሰጠ፤ ልጁ ሲተኛ ፊቱን በሙሉ የሚሸፍን የመተንፈሻ ጭምብል ተደረገለትና በአንድ ጠላቂ እጅ ጉዞውን ጀመረ። መድኃኒቱ በመንገድ ላይ ሲደክም ጠላቂው ራሱ መርፌውን ይደግም ነበር። ሐኪሙ ሁሉም ይተርፋሉ ብሎ አልጠበቀም ነበር። ሐምሌ 1 ቀን አራት፣ ሐምሌ 2 ቀን አራት፣ ሐምሌ 3 ቀን አሰልጣኙን ጨምሮ የቀሩት አምስት ወጡ። ሱብሐነላህ፣ 13ቱም በሕይወት።

ከውጭ የነበረውንም ሕዝብ ሳናነሣ አናልፍም። በሥራው ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች እንደ ተሳተፉ ይነገራል። ሴቶች ለሠራተኞቹ ምግብ ያበስሉ ነበር፤ በሌሊት የጠላቂዎችን ጭቃማ ልብስ እየወሰዱ አጥበው በጠዋት የሚመልሱም ነበሩ። ከዋሻው በፓምፕ የሚወጣው ውሃ በታች ያሉትን የሩዝ ማሳዎች አጥለቀለቀ፤ ከገበሬዎቹ መካከል መንግሥት ያቀረበውን ካሣ አንቀበልም ያሉ ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ልጆቹ ወደ ቺያንግ ራይ ሆስፒታል ሲደርሱ እናቶቻቸው ሮጠው አላቀፏቸውም። በዋሻ ውስጥ ከሌሊት ወፍና ከአእዋፍ የሚተላለፍ በሽታ ይዘው እንዳይሆን፣ የደከመ ሰውነታቸውም ከውጭ በሽታ እንዳይዝ ተለይተው ተቀመጡ፤ ወላጆች በመጀመሪያ ያዩአቸው ከመስታወት ጀርባ ቆመው ነው። ለሁለት ሳምንት ብርሃን ያላየ ዓይናቸው እንዳይጎዳ ጥቁር መነጽር ተደረገላቸው። የእብድ ውሻ በሽታና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተሰጣቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሳምባ ኢንፌክሽን ነበረባቸው። በመስታወቱ ወዲህና ወዲያ የነበረውን ናፍቆት ስናስብ፣ የሐኪሞቹን ጽናት ብቻ ሳይሆን የእናቶቹንም እናደንቃለን።

ከሥጋው ይልቅ የከበደው የሳማን ኩናን ሞት ነበር። ልጆቹ በዋሻ ሳሉ አልተነገራቸውም፤ ፍርሃት ላይ ፍርሃት መጨመር ይሆን ነበርና። ነገር ግን ሊደበቅም አልተፈለገም። ሐኪሞቹ የልጆቹ መንፈስ መርጋቱን ካረጋገጡ በኋላ ሐምሌ 7 ቀን በሆስፒታሉ ውስጥ ነገሯቸው። ልጆቹ አለቀሱ፤ የሟቹ ሥዕል ቀርቦላቸው በዙሪያው ምስጋናቸውን ጻፉ፤ በጸጥታ አሰቡት፤ ጥሩ ልጆች ለመሆንም ቃል ገቡ። ብዙ ቤተሰቦች የአባትን ሞት ከልጅ ይሸሽጋሉ፤ «ሩቅ አገር ሄዷል» ይባላል፤ ልጁ አንድ ቀን ከጎረቤት ልጅ አፍ ይሰማዋል። በዚያ ሆስፒታል የተደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ጊዜው ተመረጠ፣ የሚናገሩት ሰዎች ተመረጡ፣ እውነቱ ሳይሸራረፍ ተነገረ፣ ለለቅሶውም እጅ የሚይዘው ሥራ ተሰጠው።

ሐምሌ 11 ቀን ከሆስፒታል ሲወጡ ለመላው ዓለም ጋዜጠኞች አንድ ስብሰባ ብቻ ተፈቀደ። ልጆቹ የቡድናቸውን ማልያ ለብሰው በአዳራሹ ውስጥ ኳስ እየተቀባበሉ ገቡ። ጥያቄዎቹ አስቀድመው በጽሑፍ ቀርበው በአእምሮ ሐኪም ተመርምረው ነበር፤ ፍርሃትን የሚቀሰቅሱት ወጥተው ነበር። ከዚያም ሐኪሞችና ባለሥልጣናት ልጆቹ ቢያንስ ለአንድ ወር ከቃለ መጠይቅ እንዲጠበቁ ወላጆችንም ጋዜጠኞችንም አሳሰቡ። ክፉ ቀንን ደጋግሞ ለማያውቁት ሰው ማውራት፣ ልጁ ሳይፈልግ ሲሆን፣ ቁስሉን ዳግመኛ ሊከፍተው ይችላልና።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ልናምን ይገባናል። በቀደሙት ዓመታት እንግዳ በመጣ ቁጥር የቲሞችን አሰልፈን «አባትህ እንዴት እንደ ሞተ ንገራቸው» ያልንባቸው ጊዜያት ነበሩ። ለጋሹ አለቀሰ፣ ገንዘቡም ተገኘ፤ ልጁ ግን ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ የልጅን ታሪክ ከልጁ አፍ መስማት ለሚፈልጉ ወንድሞችና እኅቶች አይሆንም ስንል ቅር እንዳትሰኙብን እንለምናለን።

ከጋዜጠኞቹ ስብሰባ ሳምንት ገደማ በኋላ 11ዱ ልጆች ከአሰልጣኛቸው ጋር ለሳማን መታሰቢያ እንዲሆን ለጥቂት ቀናት ወደ ገዳም ገቡ፤ ክርስቲያን የሆነው አንዱ ልጅ አልገባም። ሃይማኖታቸው ከእኛ የተለየ ነው፤ ከጩኸት የራቁ ቀናት ማግኘታቸው፣ ለሞተላቸው ሰውም የሚያደርጉት ነገር ማግኘታቸው ግን ለማንም ግልጽ ነው።

ታሪኩ ሁሉ ደስታ አይደለም። በማዳኑ ሥራ ላይ የደም ኢንፌክሽን ይዞት የቆየ ሌላ የባሕር ኃይል ጠላቂ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞተ። የቡድኑ አምበል የነበረው ልጅም የእግር ኳስ ትምህርት ዕድል አግኝቶ እንግሊዝ አገር ሳለ በየካቲት 2015 ዓ.ም. በ17 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል።

የመጨረሻው ነገር ወረቀት ነው። ከ12ቱ ልጆች ሦስቱና አሰልጣኙ ኤካፖል የየትኛውም አገር ዜጋ አልነበሩም። በዚያ ድንበር አካባቢ ከወዲያ ወዲህ ከሚንቀሳቀሱ ብሔረሰቦች የተወለዱ ብዙ ልጆች መታወቂያ የላቸውም፤ ያለ መታወቂያ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር መሄድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሥራና ንብረት መያዝም ይከብዳል። ጠላቂዎቹ ሲደርሱ በእንግሊዝኛ ያነጋገራቸው የ14 ዓመት ልጅ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ነው። ለጋሾቻችን ለልደት ምስክር ወረቀትና ለመታወቂያ የምናወጣውን ገንዘብ አይተው «ይህ ከምግብ ይቀድማልን?» ሲሉ ይጠይቁናል። ነሐሴ 2 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከዋሻው በወጡ በወሩ፣ አራቱም በሜ ሳይ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የዜግነት መታወቂያቸውን ተቀበሉ። ኤካፖል 25 ዓመት ሙሉ ያለዚያ ወረቀት ኖሯል።