አስለቃሿና አስናቀች

እናንተዬ፣ ስሙኝማ! ሰሞኑን የተዋናይቷንና የክራር ተጫዋቿን የአስናቀች ወርቁን ታሪክ ሳገላብጥ አንድ ነገር በራልኝ፤ ብቻዬን ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም።

ድሮ አዲስ አበባ ቴአትር ሲታይ ሚስትም፣ እናትም፣ ሙሽራም ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ነበር። አዎ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ቀሚስ ለብሶ! መድረክ የወጣች ሴት ስሟ ይጠፋ ነበርና ማን ልጁን ይሰጣል? እኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞችም የሼክስፒርን ሴቶች በጎረምሶች ሲያስጫውቱ ኖረው፣ ለንደን ላይ እንግሊዛዊት ሴት ተዋናይ ብቅ ያለችው እ.ኤ.አ. በ1660 ነው። እሷም የወጣችው ዴዝዴሞናን ሆና፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በዚያው በ«ኦቴሎ» ነው።

እኛ አገር ይህን በር የከፈተችው አስናቀች ናት፤ በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ልጅ እግር ሳለች።

እኔን የከነከነኝ ታዲያ ይሄ ነው፦ ሴት ሕዝብ ፊት ቆማ ስትናገር ማየት ለእኛ ብርቅ ነው እንዴ? እስቲ የደብረ ማርቆስን ዙሪያ ለቅሶ አስቡ። አስለቃሿ መሃል ቆማለች፤ ሰዉ ከቧታል፤ የሟቹ ጠመንጃና ካባ ተይዟል። ሟቹን ላታውቀው ትችላለች። ቀድማ ከዘመድ ጠጋ ብላ ጠባዩን ጠይቃለች፣ በቃ። ከዚያ አንዴ ሚስቱን ሆና ትወቅሰዋለች፤ ወዲያው ራሱን ሟቹን ሆና ትመልሳለች። ያ ሁሉ ወንድ ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ ይንሰቀሰቃል! «አንቺ ምኑ ነሽ?» የሚላት የለም።

ገባችሁ? ይሄ እኮ ትወና ነው! ያልሆኑትን ሆኖ እውነተኛ እንባ ማስፈሰስ። ቴአትር ቤት ሳይኖረን ስናውቀው ኖረናል።

ታዲያ መድረኩ ላይ ምን ተለየ? ለቅሶ ላይ አስለቃሿ የሰው ሐዘን እንደምታወጣ ሁሉም ያውቃል። ቴአትር ግን አዲስ ነበር፤ ሴቲቱ አፍቃሪ ሆና ስትጫወት እሷው ራሷ ያፈቀረች ይመስላል። ወንድ ቀሚስ ሲለብስ ይሄ ጣጣ የለም፤ ጨዋታ መሆኑ ያስታውቃላ! «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተረክ ወጋየሁ ንጋቱ ሰብለ ወንጌልን ሆኖ ሲናገር ማን ሳቀ? ጆሮ እሺ ይላል። ዓይን ነው አስቸጋሪው።

እና አስናቀች ያደረገችው፣ የተመልካቹን ዓይን ማስለመድ ነበር። በስሟ እየከፈለች! አስለቃሿ ክብሯን ይዛ ወደ ቤቷ ስትገባ፣ አስናቀች ግን ስድቡን ይዛ ነበር የምትገባው። ይሄ ያናድደኛል።

በ1948 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ ሲከፈት መድረኩ ሰፋ፤ እሷም ለረጅም ዓመታት እዚያ ተጫወተች። ደግሞ ክራሩ አለ! ጣቷ ጅማቱን ሲነካ ዓይኗም ትከሻዋም አብሮ ይናገራል፤ ትወናው ዘፈኗ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ኢትዮፒክስ ከተባለው የሙዚቃ ስብስብ 16ኛው ቅጽ ሙሉውን የእሷ ነው።

በመስከረም 2004 አረፈች። ራሔል ሳሙኤል የሠራችው ዘጋቢ ፊልምም አለ። እንግዲህ ፊልሙን ያገኘ ለሌሎቻችን ይንገር፤ ያላገኘ ያንን 16ኛ ቅጽ ከፍቶ፣ ግጥሙን ማን ሆና እንደምትለው ልብ እያለ ያዳምጥ።