ደብዳቤውን ያስጻፈው ማን ነው?

ከሩቅ አገር ያለ ዘመድ ደብዳቤ ሲልክልን ደስ ይለናል። በተለይ አሁን፣ አንባቢ ፍለጋ ሳንዞር ራሳችን ፊደሉን ለይተን ስናነበው ደስታው እጥፍ ነው። ታዲያ ደብዳቤው «እነእከሌን ከመረጣችሁ ገንዘብ መላክ እናቆማለን» ቢልስ? ይህ ነገር በጣልያን አገር በእውነት ደርሷል።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር 1940 ዓ.ም. ነው። የጣልያን ጦር ከአገራችን ከተባረረ ሰባት ዓመት ያህል ሆኖታል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጣልያንን ከተሞች አፍርሶ፣ ሕዝቡን አስርቦ አልፏል። ስንዴ ከአሜሪካ በመርከብ ይመጣል። ሚያዝያ 10 ቀን ሕዝቡ የምክር ቤት አባሎቹን ሊመርጥ ነው።

የሚፎካከሩት ሁለት ትልልቅ ወገኖች ነበሩ። አንደኛው በአልቺዴ ዴ ጋስፔሪ የሚመራው የክርስቲያን ዲሞክራቶች ፓርቲ ነው። ሁለተኛው ፓልሚሮ ቶሊያቲና ፒየትሮ ኔኒ የሚመሩት የኮሙኒስቶችና የሶሻሊስቶች ግንባር ነው። በዚያም አገር ማንበብ የማይችል መራጭ ስለነበረ በምርጫው ወረቀት ላይ ምልክት ነበረበት። የፊተኛው ምልክት መስቀል ያለበት ጋሻ ነው። የኋለኛው የቀድሞው ዘመን አርበኛ የጋሪባልዲ ፊት ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ኮሙኒስቶቹ ያሸንፋሉ ብሎ ፈራ። አምባሳደሩ ወደብ እየወረዱ እህል የጫኑትን መርከቦች ይቀበላሉ፤ ንግግርም ያደርጋሉ። ስንዴው ከየት እንደመጣ ማንም እንዳይረሳው ነው። በመጋቢት ወር ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ማርሻል «ኮሙኒስቶች ካሸነፉ እርዳታው ይቀራል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጡ። እንግዲህ የተራበ ሰው ይህን ሰምቶ ምን ያድርግ?

ደብዳቤው የመጣው በዚህ መሐል ነው። በአሜሪካ ብዙ ጣልያኖች ይኖሩ ነበር። ጋዜጦችና ቀሳውስት «ለዘመዶቻችሁ ጻፉ፤ ኮሙኒስቶችን አትምረጡ በሏቸው» እያሉ ቀሰቀሷቸው። መጻፍ ለሰለቸው ሰው ደብዳቤው አስቀድሞ ታትሞ ተዘጋጅቶለታል። ስሙን ፈርሞ መላክ ብቻ ነው! የተላከው ደብዳቤ በሚሊዮን የሚገመት ነው። አንዳንዱ ገንዘብ መላክ እንደሚቆም ያስፈራራ ነበር። እናት የልጇን ፊርማ አይታ ቃሉም የልጇ ይመስላታል። ቃሉ ግን የሌላ ሰው ነው። እኛን ከሁሉ ይልቅ የከነከነን ይህ ነው።

ይህ ሁሉ እንኳ በዓይን የሚታይ ነበር። ከጀርባው የማይታይ ሌላ ነገር ነበር። ሲ.አይ.ኤ. የሚባለው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ገና አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ለክርስቲያን ዲሞክራቶቹና ለወዳጆቻቸው በሥውር ገንዘብ ይሰጥ ጀመር። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ማርክ ዋያት የሚባሉት፣ ገንዘቡ በከረጢት ይታደል እንደነበረ ከብዙ ዘመን በኋላ በቴሌቪዥን ቀርበው ተናግረዋል።

አንዳንድ ሰው «ሞስኮስ ለኮሙኒስቶቹ ትሰጥ የለም ወይ?» ይል ይሆናል። አዎን፣ ትሰጥ ነበር። ግን ቤትህን ሁለት ሌባ ቢዘርፈው ሁለት ጊዜ ተዘረፍክ እንጂ ንብረትህ አልተመለሰልህም።

ነገሩን ወደ መንደራችን አምጥተን እንየው። የእድራችንን ዳኛ ልንመርጥ ተሰብስበናል እንበል። የማዶ መንደር ሰዎች መጥተው «እገሌ ይሻላችኋል፤ ምክንያቱም እንዲህና እንዲያ ነው» ቢሉን ሰምተን እንመዝነዋለን። መናገራቸው አያስቀይመንም። ነገር ግን ሌሊት ለሌሊት እየዞሩ ጤፍ ቢያድሉስ? ወይም «እገሌን ካልመረጣችሁ ከምንጫችን ውኃ አትቀዱም» ቢሉስ? ያን ጊዜ ዳኛውን የሾመው እድሩ ነው ወይስ የማዶው መንደር? በመንግሥታትም መካከል ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው እንላለን። አንድ መንግሥት ሐሳቡን በግልጽ ቢናገር ይናገር። በሥውር ገንዘብ መዝራትና በሰው እንጀራ ማስፈራራት ግን የሌላውን ሕዝብ ድምፅ መውሰድ ነው።

በምርጫው ከመቶ መራጭ 92 ያህሉ ወጥቶ ድምፅ ሰጠ። ክርስቲያን ዲሞክራቶች ከመቶ 48 ተኩል ያህል አገኙ። ግንባሩ ያገኘው 31 ያህል ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ዴ ጋስፔሪ ያለ ከረጢቱም ያሸንፉ ነበር የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ኮሙኒስቶቹን ከልቡ የጠላ ጣልያናዊ ብዙ ነበር። ግን ያን ገንዘብና ያን ማስፈራሪያ ከውጤቱ ቀንሶ የቀረውን የሚቆጥር ማን ነው? የገዛ ወገኑን ደግፎ የመረጠውም ሰው ሳይቀር ድምፁ ተጠርጣሪ ሆነበት።

ሥራው ያማረላቸው ሰዎች ደግሞ በዚያ አላቆሙም። በጣልያን ገንዘቡ ለብዙ ዓመታት መፍሰሱን ቀጠለ። በ1956 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ በምትገኘው በቺሊ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ፣ ካሸነፉት ከኤድዋርዶ ፍሬ የምርጫ ወጪ ከግማሽ በላይ የሆነውን የሸፈነው ይኸው ሲ.አይ.ኤ. ነበር። ይህን የገለጡት የአሜሪካ የራሷ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት መርማሪዎች ናቸው። የገለጡትም በ1968 ዓ.ም. ነው። የቺሊ መራጮች ድምፃቸውን ከሰጡ አሥራ አንድ ዓመት አልፏቸው ነበር።