ገመድ አልባ የጎማ ግፊት መከታተያ

ገመድ አልባ የጎማ ግፊት መከታተያ በተሽከርካሪ ጎማ ውስጥ ያለውን የነፋስ ግፊት በሴንሰር ለክቶ በሬዲዮ ሞገድ ለሾፌሩ የሚያሳውቅ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። በተለምዶ ጎማ የሚፈተሸው በዓይን ታይቶ ወይም በእግር መታ ተደርጎ ነው። ዘመናዊ ራዲያል ጎማ ግን ሩብ ያህል ነፋሱን አጥቶም ከውጭ ሲታይ ሙሉ ሊመስል ይችላል። መከታተያው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንዱ መሣሪያ የሚያሳየው ቁጥር እንደ ቦታው ከፍታ ይዛባል። ስለዚህ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ቁጥሩን ከማመን በፊት ማመሳከር ያስፈልጋል።

አመጣጥ

መሣሪያውን ይዞ ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው የቤት መኪና እ.ኤ.አ. በ1986 የቀረበው ፖርሼ 959 ነው። ለረጅም ጊዜ የውድ መኪኖች ጌጥ ሆኖ ቆየ። ወደ ተራው መኪና ያወረደው በአሜሪካ የደረሰ አደጋ ነው። በ1990ዎቹ በብዛት በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የተገጠሙ የፋየርስቶን ጎማዎች በጉዞ ላይ ሽፋናቸው እየተገነጠለ መኪኖች ይገለበጡ ነበር፤ ከዚሁ ጋር በተያያዙ አደጋዎች ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 ኩባንያው 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ አዳዲስ መኪኖች የጎማ ግፊት ማስጠንቀቂያ እንዲኖራቸው አዘዘ፤ ከ2007 መስከረም ጀምሮም በአሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ይህን እንዲያሟሉ ተደረገ። ደንቡ ግፊቱ ከተመከረው በ25 በመቶ ሲወርድ መብራት እንዲበራ ያስገድዳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2014፣ ቻይና በ2020 ለአዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ተመሳሳይ ግዴታ ጣሉ።

የቻይናው ደንብ ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ከሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ የቻይና ሥሪት ስለሆኑ መከታተያውን ይዘው ይገባሉ። በከተሞች መካከል ሕዝብ የሚያመላልሱት አሮጌ ሚኒባሶችና ቅጥቅጥ አይሱዙዎች ግን አብዛኞቹ የላቸውም፤ ባለቤቱ ከፈለገ ለብቻው ገዝቶ ማስገጠም አለበት።

አሠራር

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በተዘዋዋሪ የሚለካው በጎማው ውስጥ ምንም ሴንሰር የለውም። ነፋሱ የጎደለ ጎማ መጠኑ በጥቂቱ ስለሚያንስ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ ይዞራል፤ የኤቢኤስ ፍሬን የእያንዳንዱን ጎማ የዙር ፍጥነት ስለሚቆጥር ኮምፒዩተሩ ልዩነቱን አይቶ መብራት ያበራል። ርካሽ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ሾፌሩ ለወራት ነፋስ ሳያስሞላ ቀርቶ አራቱም ጎማዎች እኩል ቢጎድሉ ልዩነት ስለማይኖር ሳያስጠነቅቅ ሊያልፈው ይችላል።

በቀጥታ የሚለካው ዓይነት በእያንዳንዱ ጎማ ላይ አንድ ሴንሰር አለው። በሴንሰሩ ውስጥ የግፊትና የሙቀት መለኪያ፣ ጎማው መዞሩን የሚያውቅ ክፍል፣ አነስተኛ ፕሮሰሰር፣ የሬዲዮ ማሰራጫና የሊቲየም ባትሪ ይገኛሉ። ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል መኪናው ሲቆም ሴንሰሩ ይተኛል። ሲንቀሳቀስ በየደቂቃው ገደማ አጭር መልእክት ይልካል፤ ግፊቱ በድንገት ከወረደ ግን ተራውን ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ያሳውቃል። መልእክቱ ጥቂት ባይት ብቻ ነው፤ የሴንሰሩን መለያ ቁጥር፣ ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ የባትሪውን ሁኔታና የስህተት ማረጋገጫ ኮድ ይይዛል።

ሴንሰሮች በአውሮፓና በቻይና በ433.92 ሜጋኸርዝ፣ በአሜሪካ ደግሞ በአብዛኛው በ315 ሜጋኸርዝ ያሰራጫሉ። መለዋወጫ ሲገዛ ይህ መታየት አለበት። ከአሜሪካ በመጣ መኪና ላይ የ433 ሴንሰር ቢገጠም ጎማው ውስጥ ሆኖ ለማንም ሳይሰማ ባትሪውን ይጨርሳል።

ከፍታና የሚታየው ቁጥር

ግፊት የሚለካው ከአንድ መነሻ ተነስቶ ነው። በጎሚስታ ቤት ያለው ባለ መርፌ መለኪያ የሚያሳየው የጎማው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ስለዚህ መለኪያው እስካልተበላሸ ድረስ በጅቡቲ ወደብም ሆነ በጎንደር የሚሰጠው ንባብ ትክክል ነው። በጎማ ሴንሰር ውስጥ ያለው የሲሊከን መለኪያ ግን የሚያነበው ከፍጹም ባዶነት ጀምሮ የተቆጠረውን ጠቅላላ ግፊት ነው። ለሾፌሩ የሚታየውን ቁጥር ለማግኘት ከጠቅላላው ላይ የውጭውን አየር ግፊት መቀነስ ያስፈልጋል። አንዳንድ መሣሪያዎች የአካባቢውን አየር ግፊት ራሳቸው ለክተው ይቀንሳሉ። ሌሎቹ ግን የትም ቢሆኑ የባሕር ወለሉን 101 ኪሎ ፓስካል ይቀንሳሉ።

በባሕር ዳር ከፍታ የአየሩ ግፊት 81.5 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። አንድ ጎማ በትክክል 220 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 32 ፒኤስአይ ገደማ ተሞልቷል እንበል። ጠቅላላ ግፊቱ 302 ገደማ ይሆናል። መሣሪያው ከዚህ ላይ 101 ቢቀንስ 201 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 29 ፒኤስአይ ብቻ ያሳያል። ጎማው ምንም ሳይጎድለው በስክሪኑ ላይ 3 ፒኤስአይ ጠፋ ማለት ነው። በአዲስ አበባ፣ ከፍታው ስለሚበልጥ፣ ልዩነቱ ከ3.5 ፒኤስአይ ያልፋል።

ሾፌሩ ስክሪኑን አምኖ 32 እስኪያሳይ ድረስ ካስሞላ እውነተኛው ግፊት 35 ይሆናል። ጎማው በመሐሉ ብቻ መሬት ስለሚነካ መሐሉ ቶሎ ያልቃል፤ ከአስፋልት ወጥቶ በሚሄድ መኪና ላይ ደግሞ ጠጠር ላይ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላው ውጤት ነው። መብራቱ ያለ ምክንያት ደጋግሞ ሲበራ ሾፌሩ ይሰለቸውና ችላ ይለዋል፤ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሲመጣም ያው መብራት ነው።

አንዳንዶች ሴንሰሩን ፈትተው በአየር ላይ በመያዝ 0 ማሳየቱን ያረጋግጣሉ። ይህ ማረጋገጫ አይሆንም። መሣሪያው ከዜሮ በታች ማሳየት ስለማይችል የተዛባውም ትክክለኛውም እኩል 0 ይላሉ። አስተማማኙ መንገድ ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ አራቱንም ጎማዎች በደህና ባለ መርፌ መለኪያ ለክቶ ከስክሪኑ ጋር ማወዳደር ነው። አራቱም ጎማዎች ላይ ስክሪኑ በእኩል መጠን፣ ወደ 3 ፒኤስአይ ካነሰ ምክንያቱ ከፍታው ነው፤ የሚፈለገውን ቁጥርና የማስጠንቀቂያውን ወሰን በዚያው ልክ ዝቅ አድርጎ መሙላት ይበቃል። አንዱ ብቻ ከተለየ ግን ችግሩ ከሴንሰሩ ነው። በተረፈ የጎሚስታው መለኪያም ብዙ ጊዜ መሬት ላይ የወደቀ ሊሆን ስለሚችል በሁለት መለኪያ ማየት አይከፋም።

ሙቀት

ነፋስ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። 32 ፒኤስአይ ላይ ላለ ጎማ በባሕር ዳር ከፍታ የ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ 1.5 ፒኤስአይ ያህል ያመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የጣና ዳርቻ ጠዋት ቀዝቃዛ፣ ቀትሩ ግን ሞቃት ስለሆነ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ለምሳሌ ከጎንደር ተጉዞ በቀትር ባሕር ዳር የገባ መኪና ጎማው 45 ዲግሪ ደርሶ ሳለ 30 ፒኤስአይ ቢሞላ፣ በማግስቱ ንጋት በ10 ዲግሪ ያ ጎማ 25 ፒኤስአይ ገደማ ላይ ይገኛል። የተመከረው 32 ከሆነ የማስጠንቀቂያው ወሰን 24 ነውና ልዩነቱ ጠባብ ነው። ጠዋት በርቶ ረፋድ ላይ የሚጠፋ መብራት ብዙውን ጊዜ የዚህ ምልክት ነው፤ ጎማው ነፋስ ጎድሎታል እንጂ መሣሪያው አልተበላሸም።

ነፋስ መሞላት ያለበት ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። የሚሞላው መጠን በሾፌሩ በር ዓምድ ላይ የተለጠፈው ሲሆን፣ በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። በጉዞ ላይ ስክሪኑ ከተለጠፈው ቁጥር ከፍ ብሎ ቢያሳይ ነፋስ ማስተንፈስ አያስፈልግም፤ ሲቀዘቅዝ ይጎድላልና።

ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ሁለቱንም ነገር በአንድ ላይ ያሳያል። ከደጀን አፋፍ፣ ከ2,400 ሜትር ገደማ፣ ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር ጎማው በአንጻሩ 2 ፒኤስአይ ያህል ያጣል፤ ነገር ግን ሸለቆው ሞቃት ስለሆነ ያንኑ ያህል መልሶ ያገኛል። በዚያ ላይ በቁልቁለቱ የፍሬን ሙቀት ወደ ቸርኬው ይተላለፋል። ስለዚህ እዚህ ቁልቁለት ላይ የአንድ ጎማ ቁጥር ከሌሎቹ ተለይቶ ሲወርድ ቁም ነገር አለው፤ በከፍታም በሙቀትም ሊሰበብ አይችልም። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ስለሚግል፣ ሰውና ዕቃ በሞላ ሚኒባስ ላይ መጨረሻው መፈንዳት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን በድንገት ፍሬን ሳይረግጡ ቀስ ብሎ ወደ ዳር መውጣት ይገባል።

አገጣጠም

በቫልቭ ክዳን መልክ የተሠራው ሴንሰር ያለ ባለሙያ ይገጠማል። የቫልቩ ክዳን ተፈትቶ በምትኩ ሴንሰሩ ይጠመዘዛል፤ ስክሪኑ በዳሽቦርዱ ላይ ይቀመጣል ወይም ሴንሰሩ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል። እያንዳንዱ ሴንሰር ለየትኛው ጎማ እንደተመዘገበ ስለሚለይ ቦታቸው መለዋወጥ የለበትም፤ ጎማዎች ሲዘዋወሩም ምዝገባው ይታደሳል። ሴንሰሩ የቫልቩን ልብ ተጭኖ ክፍት ስለሚያደርገው ነፋሱን የያዘው የሴንሰሩ ትንሽ የጎማ ቀለበት ብቻ ነው። ከተገጠመ በኋላ የሳሙና አረፋ ቀብቶ አለማፍሰሱን ማየት ያሻል፤ አለዚያ ጎማ እንዳይተነፍስ የተገዛው ዕቃ ራሱ ጎማ ያስተነፍሳል።

በውስጥ የሚገጠመው ከቫልቩ ጋር ተያይዞ በቸርኬው ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ለቱብለስ ጎማ ብቻ ነው የሚሆነው። ጎማው ከቸርኬው መላቀቅ ስላለበት ሥራው የጎሚስታ ነው። ጎሚስታው ሴንሰር እንዳለ ካላወቀ ጎማ ሲፈታ በብረቱ ሊሰብረው ስለሚችል ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ከተገጠመ በኋላ ጎማው ባላንስ ይደረጋል። ባትሪው ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል፤ ሲያልቅ በአብዛኛው ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። የክዳኑ ዓይነት ግን እንደ ሰዓት ባትሪ ያለ ክብ ባትሪ ስለሚጠቀም በቀላሉ ይለወጣል።

ከመነዳሪ ላለው ጎማ የክዳኑ ዓይነት ብቻ ይሠራል። የኋላ ጎማቸው ድርብ በሆነ አይሱዙዎች ላይ የውስጠኛው ጎማ ቫልቭ ለእጅ አይመችም፤ የብረቱ ብዛት ሞገዱን ስለሚያዳክመውም ሲግናል ማጉያ ሊያስፈልግ ይችላል። የጭነት መኪና ጎማ ግፊት ከቤት መኪና በብዙ ስለሚበልጥ ሴንሰሩ እስከ ስንት እንደሚለካ ሳያዩ መግዛት ኪሳራ ነው።

በባሕር ዳር ጎዳናዎች ለሞሉት ባጃጆች መሣሪያው እምብዛም አይመከርም። የባጃጅ ጎማ ትንሽ ስለሆነ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ ከ8 ጊዜ በላይ ይዞራል። በዚያ ፍጥነት 10 ግራም የምትመዝን ሴንሰር ቫልቩን የምትጎትተው ሩብ ኪሎ እንደሚመዝን ዕቃ ነው። የከመነዳሪው የጎማ ቫልቭ ደግሞ ለዚህ አልተሠራም። ለባጃጅ ባለቤት አንድ ደህና የእጅ መለኪያ ይሻለዋል።

የመረጃ ደኅንነት

እ.ኤ.አ. በ2010 የራትገርስና የደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ያጠኗቸው ሴንሰሮች መልእክታቸውን ሳያመሰጥሩ እንደሚልኩ አሳዩ። መልእክቱን እስከ 40 ሜትር ርቀት ድረስ መጥለፍ ችለዋል፤ የሐሰት መልእክት በመላክም በመንገድ ላይ ባለ መኪና ውስጥ የማስጠንቀቂያ መብራቱን አብርተዋል። የሴንሰሩ መለያ ቁጥር ስለማይለወጥ መቀበያ በየመንገዱ የተከለ ሰው አንድ መኪና መቼ የት እንዳለፈ ሊመዘግብ ይችላል። አርቲኤል 433 የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በኮምፒዩተር ላይ ከሚሰካ ርካሽ የሬዲዮ መቀበያ ጋር ሆኖ የብዙ ሴንሰሮችን መልእክት ያነባል፤ በዚህም ምክንያት ስለ ዲጂታል ሬዲዮ መልእክት አሠራር ለሚማሩ ተማሪዎች የራስን ሴንሰር ማንበብ የተለመደ መለማመጃ ነው።