ስለ አሮጌ ካሚዮን የኤሌክትሪክ ሽቦ አለዋወጥ

ፊያት 682 የተባለው የጭነት ካሚዮን በኢጣሊያ አገር መሠራት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። በአቃቂ ቃሊቲ አልፎ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ እንዲህ ያለ አሮጌ ካሚዮን የሽቦው ልባስ ደርቆ ሲሰነጠቅ፥ የተራቆተው መዳብ ብረቱን ነክቶ እሳት ያስነሣል፤ ወይም በሌሊት ጉዞ መብራቱን ያጠፋል።

ስለዚህ ቁራጭ በቁራጭ ላይ ከመቀጠል ይልቅ ተሰናድቶ የሚሸጠውን ሙሉ የሽቦ ጥቅል መዘርጋት ይበጃል። አስቀድሞ ባትሪው ይፈታል። ቀጥሎም የሪሌው ቮልት ይመረመራል፤ ለ12 ቮልት የተሠራው በ24 ቮልት ይቃጠላልና። ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው ሽቦ የሚያርፍበት ሥፍራ ዝገቱና ቀለሙ ይፋቃል። የ70 ዋት አምፑል በ24 ቮልት 3 አምፔር ያህል ስለሚስብ፥ ለዚሁ የሚመጥን ፊውዝ ይገባል። የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት መተካት ግን ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ለሌባ እንደ መክፈት ይቈጠራል።