ስለ ደቅ ደሴት መርከብና በጣና ዳር ስለሚኖሩ ፍጥረታት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎርጎራ የሚሄደው የመርከብ መንገድ በመካከሉ ደቅን ይነካል። ደቅ ከጣና ሐይቅ ደሴቶች ሁሉ የሚሰፋው ነው፤ መሬቱ ለም ሲሆን ሕዝቡ እህል ያርሳል፣ ዓሣም ያጠምዳል። በምዕራብ ዳርቻው በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ከአጠገቡ ባለችውም በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም በክብር ተጠብቆ ይኖራል። መርከብ በሚደርስበት ቀን የደሴቱ ወደብ ገበያ ይመስላል። እህሉ ይጫናል፤ ጨውና ቆርቆሮ ይወርዳል፤ ሕመምተኛውም ሐኪም ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር ይሳፈራል። ለሌላው አገር ሰው ድልድይ ማለት ምን እንደ ሆነ፣ ለደቅ ሰውም መርከብ ማለት እንዲሁ ነው።

በዚህ ሐይቅ ከመርከብ በፊት የነበረው፣ ዛሬም ያልተወው ማጓጓዣ ታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ሲሆን፣ በሥራውም ከጥንት ጀምሮ የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገል ግን ለታንኳ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ጉማሬ ቀን ቀን ከደንገሉ አጠገብ በውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል። በራሱ ላይ እንደ ዘውድ ያለ ላባ የተተከለበት ባለ ረጅም እግር ወፍ በረግረጉ ውስጥ ጎጆውን ይሠራል። ከመንቁሩ በታች ከረጢት ያለው ነጭ ወፍና ዓሣ አዳኙ ንስርም ምግባቸውን ከዚያው ከዳርቻው ይለቅማሉ። የዓሣ ጫጩትም ከትልልቁ ዓሣ የሚሸሸገው በደንገሉና በሣሩ ሥር ነው። ስለዚህ ደንገል የሐይቁ አጥር፣ የፍጥረታቱም ቤት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከጣና ፍጥረታት ሁሉ ይልቅ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የተደነቀው ግን ዓሣው ነው። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለ ከለከለው፣ በሐይቁ ውስጥ የቀረው ነጭ ዓሣ ብቻውን ተዋልዶ ከ15 የማያንስ ልዩ ልዩ ዘር ሆኗል። ከእነዚህም የሚበዙት ከጣና በቀር በሌላ አገር አይገኙም። በፊሊፒን አገር በላናኦ ሐይቅ ይህን የሚመስል የዓሣ ወገን ነበረ፤ ነገር ግን የባዕድ ዓሣ ስለ ገባበትና ማጥመዱም ስለ በዛበት አብዛኛው ዘሩ ጠፍቷል።

በጣናም ምልክቱ ታይቷል። ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ወራት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎችም ወንዞች ወጥተው ጠጠር ባለበት ጥሩ ውሃ ይራባሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ይከማቻሉ፤ አጥማጁም ይህን ዐውቆ መረቡን በዚያ ይዘረጋል። የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ በ1978 ዓ.ም. ገደማ ከገቡ ወዲህ ጥፋቱ ፈጠነ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የዚህ ዓሣ ክብደት ከአራት እጅ ሦስቱን እንዳጣ በምርመራ ታውቋል። ሊወልድ የሚሄደውን ዓሣ በመንገድ የያዘ ሰው የነገውን ዘር ከጎተራ አውጥቶ እንደ ፈጨ ገበሬ ነው።

አሁን ደግሞ የሐይቁን ቅርጽ ማስተዋል ይገባል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሲሆን ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ውሃው በቁመት ጥቂት ሲቀንስ በስፋት ብዙ ይሸሻል። በ1988 ዓ.ም. በዓባይ መውጫ በጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ1995 ዓ.ም. ዝናሙ ስላነሰ፣ ለመብራት ኃይልም ብዙ ውሃ ስለ ተለቀቀ ሐይቁ እጅግ ወረደ። መርከቦቹም አራት ወር ያህል መሄድ ተሳናቸው። በዚያው ጊዜ ሰፊ የደንገል ቦታ ደርቆ ጠፋ፤ ገበሬውም ውሃው የለቀቀውን መሬት ተከትሎ አረሰ። የደሴቱን ሰው ከመንገዱ፣ ጉማሬውንና ወፉንም ከቤታቸው የለየ አንድ ምክንያት ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ውሃው ቢመለስም ብዙው ደንገል አልተመለሰም። ደንገሉ ከተነሣ ክረምት ከእርሻው የሚያጥበውን አፈር የሚያጣራ የለም። በ2003 ዓ.ም. ገደማም እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በመገጭ አፍ አካባቢ ታየ። እምቦጭ ከአፈር ጋር የሚገባውን ፍግና ማዳበሪያ ተመግቦ ይስፋፋል፤ ጀልባውን ያግዳል፣ መረቡን ይይዛል፣ ዓሣውንም አየር ያሳጣል።

ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በዓለም ከሚጠበቁት የሕይወት ክልሎች መዝግቦታል። ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ዳርቻን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው በቦታው ያለው ሹም ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዙሪያ የተሾመ ሁሉ ሦስት ነገር ሊያደርግ ይገባዋል።

አንደኛ፣ እርሻና ውሃ የሚለያዩበትን ወሰን ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ በችካል ማስከበር፤ ውሃው ሲሸሽም ወሰኑ አብሮ እንዳይሸሽ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዞች አፍ መረብ እንዳይዘረጋ መከልከል ነው።

ሦስተኛ፣ ደንገል በጠፋበት ቦታ መልሶ ማስተከል፤ ደንገል ቆራጮችም ሥሩን ሳይነቅሉ በተራ እንዲያጭዱ ማስማማት ነው።

በዚህ ሁሉ ግን ፍርድ ሊጓደል አይገባም። ውሃ በለቀቀው መሬት የሚያርሰው ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ መሬት የሌለው ድኃ ነው፤ ጉማሬም ሌሊት ወጥቶ ያንኑ ጥቂት ሰብል ሲበላበት ያለቅሳል። ከዳርቻው የሚነሣ ገበሬ ምትክ መሬት ወይም ሌላ መተዳደሪያ ሳያገኝ ቢባረር በሌሊት ተመልሶ ያርሳል፤ አጥማጁም በመከልከያው ወራት የሚበላው ከሌለው መረቡን ይሰውራል። ትእዛዝ የሚጸናው ለታዛዡ እንጀራ ሲያስብ ነው። ሹሙ ይህን ሁለቱንም ያሟላ እንደ ሆነ ደንገሉ ይቆማል፣ ዓሣውም ይወልዳል፤ የደቅም ሰው መርከቡን በወደቡ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ እንደ 1995ቱ ዓመት በደረቅ ጭቃ ላይ ቆሞ አይቀርም።