የኮምፒዩተርን መልስ መርምሮ ስለ መቀበል



በአምባሰል ምድር ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንድ ሲሆን ሁለት ቃል ነበረው። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አማካይነት ለመላላክ የሚችሉ መሆናቸውን ሲገልጽ፣ የኢጣልያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። ጠቡም አድጎ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በጦርነት ተፈታ። ፊርማውን አይቶ ቃሉን ሳይመረምሩ መቀበል ምን እንደሚያስከትል ይህ በቂ ምስክር ነው። የኮምፒዩተርም መልስ ይህን የመሰለ ምርመራ ይፈልጋል።

አንድ የሐይቅ ከተማ ነዋሪ በስልኩ ገንዘብ ሲከፍል፣ ፕሮግራሙ በኢንተርኔት ለሩቅ ኮምፒዩተር ጥያቄ ይልካል፤ ያም መልስ ይሰጣል። የዚህ መላላኪያ ደንብ ኤች.ቲ.ቲ.ፒ. ይባላል። በመልሱ መጀመሪያ ላይ ባለ 3 አኀዝ ቁጥር አለ። ቁጥሩ በ2 ቢጀምር ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቷል፤ በ3 ቢጀምር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ አድራሻ ይመራል፤ በ4 ቢጀምር ጉድለቱ ከጠያቂው፣ በ5 ቢጀምር ከመላሹ ነው። ስለዚህ 404 ማለትም «አልተገኘም» የሚል መልስ የመጣበትን ጥያቄ ሳያርሙ ደጋግሞ መላክ ከንቱ ድካም ነው። 503 ማለትም «ለጊዜው አገልግሎት የለም» ሲባል ግን ጥቂት ቆይቶ እንደገና መሞከር ይገባል።

ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን አያስተማምንም። አንዳንድ አገልግሎቶች በላዩ 200 ማለትም «መልካም» ብለው፣ በውስጡ «ክፍያው አልተፈጸመም» የሚል ቃል ይልካሉ። ይህ የውጫሌው ውል ዓይነት መልስ ስለሆነ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው ቁጥሩንም ቃሉንም እንዲመረምር ግድ ይሆንበታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ዝምታ ነው። የጥንቱ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ይባል ነበር፤ ለፕሮግራምም ሰዓት ጠባቂ ያስፈልገዋል። ፓይተን በተባለው ቋንቋ የሚሠራበት ሪኩዌስትስ የተባለው መሣሪያ የጊዜ ገደብ ካልተጻፈለት መልሱን ያለ ወሰን ሲጠብቅ ሊቀር ይችላል። ገደቡ ሲያልፍም ዝምታው እሺታም እምቢታም አለመሆኑን ማስተዋል ያሻል፤ ገንዘቡ ተከፍሎ መልሱ ብቻ በመንገድ ጠፍቶ ይሆናልና። ያን ጊዜ ክፍያውን በችኰላ መድገም ከአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። መፍትሔውም ለእያንዳንዱ ክፍያ አስቀድሞ የራሱን መለያ ቁጥር መስጠትና፣ መልስ ሲጠፋ በዚያው ቁጥር ክፍያው መፈጸሙን መጠየቅ ነው። ቻፓ የተባለው የአገራችን የክፍያ አገልግሎትም የሚሠራው በእንዲህ ያለ መለያ ቁጥር ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የስልክ ክፍያ በየመሥሪያ ቤቱ ስለተለመደ፣ ነገሩ ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። እናንተም ለመሥሪያ ቤታችሁ የተሠራውን ፕሮግራም ፈርማችሁ ከመረከባችሁ በፊት ሠሪውን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ቁጥሩንና ቃሉን ያመሳክራልን? የመጠበቂያ ገደብ አለውን? መልስ ሲጠፋስ ሳያጣራ ይደግማልን? ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ ሳያገኝ የሚረከብ ሹም የሕዝብን ገንዘብ ለአደጋ ያጋልጣል።